የ16 ዓመት ወንድሜ ደረቱ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፣ ምን ሕክምና አለ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜን ሳልና የሌሊት ላብ ሲያስቸግረው ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመረ፣ ምንም አልተሻለው። ሲቲ ስካን ሲነሳ ደረቱ መሃል ትልቅ ዕጢ አለ፣ ተሰራጭቷል አሉን። አሁን ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በትራስ ደግፈነው ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። ፒያሳ ነን። እማዬ ጸበል ይቅደም ትላለች። ምን እናድርግ?

የአራዳ ልጅ፦ አይዞሽ እህቴ። ጋደም ሲል ካፈነው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል። ጥቁር አንበሳ ቅርባችሁ ነው፣ የሕፃናት ካንሰር ሕክምናም ጨረርም አለው። ፊቱ ወይም አንገቱ ካበጠ ደግሞ ለሐኪሙ ቶሎ ንገሩ።

ነርስ ነኝ፦ ከዕጢው ናሙና ተወስዶለታል? ዋናው እሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ደረት መሃል የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር) ነው፣ ሆጅኪን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ተሰራጭቶም እንኳ በኬሞ (በካንሰር መድኃኒት)፣ አንዳንዴ ጨረር ተጨምሮበት፣ የሚድነው ብዙ ነው። ጀርም ሴል የሚባል፣ ከዘር ሕዋሳት የሚነሳ ዕጢም አለ፣ ለእሱ ኤኤፍፒና ቤታ ኤችሲጂ የሚባሉ የደም ምርመራዎች ይሠራሉ። ሕክምናቸው ለየቅል ነው። በራሳችሁ ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) ገዝታችሁ እንዳትሰጡት አደራ፣ የናሙናውን ውጤት ያዛባል።

የታማሚ አባት፦ እናታችሁን አትጋፏት፣ ጸበሉም ይሁን፣ ግን ኬሞው አንድ ቀን እንዳይቋረጥ። ኬሞ ላይ እያለ ካተኮሰው እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። ሕመሙ ከጠና ሞርፊን (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ጠይቁ፣ አትፍሩት። ለወጪው የካንሰር ታማሚዎችን የሚረዳውን ድርጅት፣ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን አነጋግሩ።