የደብረ ብርሃን መግቢያ መንገድ ቢሻሻል፦ መስመር ይጨመር ወይስ መገናኛው ይስተካከል?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደብረ ብርሃን የሚገባው፣ ከዚያም በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ደሴ የሚዘልቀው ዋና መንገድ በከተማችን ዳር ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ለተሳቢው አገር አቋራጭ ጎዳና ነው፣ ለሰፈሩ ሰው ደግሞ የዕለት መመላለሻው ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው ሠራተኛ፣ ተማሪው፣ ባጃጁና ጋሪው እዚያው አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። መንገዱ ይሻሻል ቢባል ቅድሚያ ለየትኛው ይሰጥ? አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ።

የተሳቢ ሹፌር፦ መስመር ይጨመር። ጭነት ይዤ ስመጣ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማውረድ መሀል አስፋልት ላይ ይቆማል፤ ጋሪ ልቀድም ስል ባጃጅ ይገባብኛል። ሁለት ሁለት መስመር ቢኖር ኖሮ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሄድ ነበር። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የሚሉትም ቀለም ሳይቀባና ምልክት ሳይተከልበት ሌሊት ላይ ስንት መኪና ይሰብራል።

የመንገድ መሐንዲስ፦ ወንድሜ፣ የተናገሩት ችግር እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። አንድ መስመር ሳይቋረጥ ቢፈስ በሰዓት 1,800 ያህል መኪና ያሳልፋል፤ መብራት ያለበት መገናኛ ላይ ሲደርስና ግማሹን ጊዜ ቆሞ ሲጠብቅ ግን የሚያሳልፈው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው የሚታነቀው መገናኛው ላይና ሚኒባሱ በሚቆምበት ቦታ ነው። በመካከል ያለውን አስፋልት ብናሰፋ ሰልፉ ጎን ለጎን ሆኖ ይጠብቃል እንጂ ቶሎ አያልፍም። ሚኒባሱ ከመስመር ወጥቶ የሚቆምበት ኪስ፣ ወደ ግራ ለሚታጠፍ የራሱ መጠበቂያ፣ ለጋሪና ለባጃጅ ከዋናው የተለየ የጎን መንገድ ቢሠራ እርስዎ ያማረሩበት ሁሉ ይቃለላል።

የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ይልቅ እግረኛው ነው። እያንዳንዱ 3.5 ሜትር የሆነ አራት መስመር 14 ሜትር ነው፤ ጤነኛ ሰው ለመሻገር 12 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ እንጨት የተሸከመች እናት ደግሞ ከዚያ በላይ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በ12 ሰከንድ 200 ሜትር ይጓዛል። በክረምት ጉም ደብረ ብርሃንን ሲሸፍናት 200 ሜትር አሻግሮ የሚያይ ማን ነው? መሀል ላይ ሰው የሚቆምበት አካፋይ ካለ ግን ሰባት ሰባት ሜትሩን በየተራ፣ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን ብቻ እያየ ይሻገራል።

ፍጥነቱንም አብረን እናስላ። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ በ30 የሚሄድ የቤት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ 14 ሜትር ሳይሞላ ይቆማል፤ በ60 የሚሄደው በዚያው 14 ሜትር ላይ ፍሬኑን ገና አልነካም። የሚመታበት ጉልበትም እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ጉብታን በተመለከተ ትክክል ብለዋል፤ ቀለምና ምልክት የሌለው ጉብታ ራሱ አደጋ ነው። እኔ የምመርጠው መሻገሪያውን እንዳለ ከአስፋልቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፣ መውጫ መውረጃውን ዘለግ አድርጎ መሥራትና በመብራት ማሳየት ነው።

የተሳቢ ሹፌር፦ መገናኛው አደባባይ ይሁን ከተባለስ? በጠባብ አደባባይ ተሳቢ አይዞርም።

የመንገድ መሐንዲስ፦ በተለመደው ባለ አራት አቅጣጫ መገናኛ መኪኖች ሊጋጩ የሚችሉባቸው 32 ነጥቦች አሉ፤ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ብቻ ናቸው፣ ፊት ለፊት መላተምም የለም ማለት ይቻላል። ለተሳቢው ሲባል በመካከለኛው ክብ ዙሪያ የኋላ ጎማው የሚረግጠው፣ የቤት መኪና ግን የሚሸሸው ከአስፋልቱ ትንሽ ከፍ ያለ ንጣፍ ይሠራል። ያለዚያ ንጣፍ የተነደፈ አደባባይ ከመጣ እኔም ከእርስዎ ጋር እቃወማለሁ።

የመንገድ ዳር ነጋዴ፦ ለምን ተሳቢው በከተማው ውጭ በሌላ መንገድ አያልፍም? የእኛ ሱቅ ከመፍረስ ይድን ነበር።

የመንገድ መሐንዲስ፦ እህቴ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በአዲሱ መንገድ ዳር ሱቅና ቤት እንዳይከፈት ከመጀመሪያው ካልተከለከለ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያም ይህንኑ ክርክር እንከፍታለን። ደግሞም ወደ ከተማዋ የሚገባውና ከእርሷ የሚወጣው ጭነት በዚሁ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ያልኩት አሠራር መሬት የሚጠይቀው በአብዛኛው መገናኛው አካባቢ ስለሆነ የሚፈርሰውም ያንሳል። የውኃ መውረጃው ቦይ በጠንካራ ክዳን ተሸፍኖ የእግረኛ መንገድ ቢሆን ደግሞ ገበያተኛው በሱቅዎ ደጅ ያልፋል።

የመንገድ ዳር ነጋዴ፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ካሳው ሳይከፈልና ንድፉ ለነዋሪው ሳይታይ ቁፋሮ እንዳይጀመር እጠይቃለሁ።

የተሳቢ ሹፌር፦ የሚኒባሱ ኪስ ቀድሞ ይሠራና አንድ ክረምት እንየው። ሰልፉ ካልቀነሰ መስመር ይጨመር ማለቴን አልተውም።