ብርሃኑ መልካም ነውን? በዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የኮምፒውተር ጨዋታ ኃይላት ላይ የተነሣ ክርክር

ፓላዲን ተጫዋች፦
ወገኖቼ፣ በብርሃን የሚዋጋውን ፓላዲን የምጫወት ነኝና፣ «ብርሃኑ ከስድስቱ ኃይላት አንዱ እንጂ መልካምነት ራሱ አይደለም» የሚለው አስተያየት ከተሰነዘረ ወዲህ ውስጤ አላረፈም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የጨዋታው የታሪክ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ ኃይላቱን በአንድ ክብ ሥዕል ላይ አስቀምጧቸዋል። ብርሃን ከላይ፣ ጥላ ከታች፣ በዙሪያቸው ሕይወትና ሞት፣ ሥርዓትና ሥርዓት አልባነት። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ስድስቱም እኩል ናቸው ቢል አልፈርድበትም። ትረካው ግን እኩል አላደረጋቸውም። ከሁሉ በፊት የነበረው ብርሃን ነው፤ ወሰን እንደሌለው ባሕር ተንሰራፍቶ ሳለ፣ በሳሳባቸው ቦታዎች ባዶነት ተፈጠረ፤ ጥላው የበቀለው ከዚያ ባዶነት ነው። የጎደለ ነገር ከሞላው ጋር እንዴት እኩል ይቆማል?

ዋርሎክ ተጫዋች፦
ወንድሜ፣ ቀድሞ መምጣትና መልካም መሆን ለየቅል ናቸው። የብርሃኑን አክራሪ ተከታዮች፣ የስካርሌት ክሩሴድን ሰዎች፣ አስታውስ። ሙታንን በሚያስነሣው መቅሠፍት የተያዘ መስሏቸው ንጹሑን ሁሉ ሲያሰቃዩና ሲያቃጥሉ ብርሃኑ አልተለያቸውም። ከዚያ የሚብሰው በሙታን ምሽግ በናክስራማስ ያለው ፓላዲን ዜሊየክ ነው። ሞቶ ተነሥቶ፣ ለሙታኑ ንጉሥ ለሊች ኪንግ ፈቃድ ተገዝቶ፣ ፈጽሞ በማይወደው ውጊያ ላይ ቆሞ ብርሃኑን በእኛ ላይ ያወርድብናል። መልካም ኃይል ቢሆን ኖሮ እጁን በሰበሰበ ነበር።

ፓላዲን ተጫዋች፦
ዜሊየክን እኔም አልረሳውም፤ የማስታውሰው ግን በሌላ መልኩ ነው። ሞት እንኳን እምነቱን አልነጠቀውም። ብርሃኑ የሚመልሰው ለእምነት ነው። ዝናብ በጻድቁም በኃጥኡም ማሳ ላይ ይዘንባል፤ የኃጥኡ እህል ስለበቀለ ዝናቡን ክፉ አንለውም።

ዋርሎክ ተጫዋች፦
ክፉ አላልኩም። መልካምም አልለውም። ዝናብ ነው። ከመጀመሪያው ስናገር የነበረው ይህንኑ ነው።

የካህን ገጸ ባሕርይ ተጫዋች፦
ሁለታችሁም ስለ ብርሃኑ ተጠቃሚዎች እየተከራከራችሁ ነው፤ እኔ ደግሞ የብርሃኑ ፍጥረቶች ወደሆኑት ወደ ናሩዎቹ ልውሰዳችሁ። ሁለቱን አቅርቤ ላስተያያቸው።

የመጀመሪያው ሙሩ ነው። ብለድ ኤልፎች የተባሉት ሕዝቦች ማርከው በከተማቸው በሲልቨርሙን ውስጥ አሠሩት፤ የደም ፈረሰኞቻቸውም ብርሃኑን በጉልበት እየቀዱ ፓላዲን ሆኑ። እየተዘረፈ ዝም አለ። በኋላ እንደተገለጠው ይህ እንደሚደርስበት አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የተሠዋውም ወዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የብለድ ኤልፎች የኃይል ምንጭ በነበረው በሰንዌል ስንደርስበት ብርሃኑ ተሟጦ ወደ ጥላው ወደቀ፣ ኢንትሮፒየስ ሆነ፣ እኛም ገደልነው። ነቢዩ ቬለን ከእርሱ የተረፈችውን ብልጭታ ይዞ የጠፋውን ምንጭ መልሶ አበራው።

ሁለተኛዋ ዚራ ናት። አሌሪያ የተባለችው የኤልፎች ተዋጊ የጥላውን ጥበብ ስለተማረች ዚራ አስራታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 በአርገስ ፕላኔት ዘመቻ ጊዜ ደግሞ የአጋንንት አዳኙን ኢሊዳንን በብርሃን ልትለውጠው ፈለገች። እርሱ እምቢ አለ። አስራ በግድ ልትጭንበት ስትሞክር ያደረገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አጠፋት።

ሁለቱም ናሩዎች ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ብርሃን ናቸው። አንዱ ለዘረፉት ራሱን ሰጠ፤ ሌላዋ እምቢ ያላትን አሰረች። እኔ ኃይልን የምመዝነው በዚህ ነው፦ እምቢ የሚለውን ሰው ምን ያደርገዋል? በዚህ ሚዛን ብርሃኑ አንድ መልስ የለውም። አንድ መልስ ከሌለው ደግሞ መልካምነቱ የራሱ የብርሃኑ አይደለም፤ የሙሩ ነው። እርሱን ማድነቅ ሲገባን አመስጋኙ ሁሉ ብርሃኑን ሲያመሰግን እያየሁ አዝናለሁ።

አዲስ ተሳታፊ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ለታናሽ ወንድሜ ይህን ታሪክ በአማርኛ ስተርክለት «ጥላው ሊውጠን መጣ» አልኩት፤ ልጁ ግራ ተጋባ። እውነቱን ነው። በእኛ ቋንቋ ጥላ ማረፊያ ነው፤ ፀሐይ የበረታበት መንገደኛ የሚጠጋው የዋርካ ጥላ አለ፣ «ጥላ ከለላ» የምንለው ሰው አለ። ከዚያ በኋላ «ጨለማ» ወይም «ባዶው» ማለት ጀመርኩ። ብርሃን የሚለው ቃል ግን ገና ከአፌ ሲወጣ ተቀድሶ ነው የሚወጣው። ብዙዎቻችን ለብርሃኑ የምናደላው ጨዋታውን ከመጀመራችን በፊት ይመስለኛል።

ፓላዲን ተጫዋች፦
ይህ ልክ ነው፤ እኔም ከዚያ አላመልጥም። የዚራን ነገር ግን አንዲት ናሩ ስለበደለች በብርሃኑ ሁሉ ላይ አትፍረጂ፣ እህቴ።

ዋርሎክ ተጫዋች፦
አንዲት ብቻ ብትሆን ኖሮ። ፓላዲኗ ይሬልስ? በትይዩው የኦርኮች ዓለም በሌላኛው ድሬኖር ኦርኮቹን ወይ ብርሃኑን ተቀበሉ ወይ ሙቱ ያለቻቸው የናሩ ሠራዊት ይዛ አይደለምን?

ፓላዲን ተጫዋች፦
በዚያ የቆየነው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ የቆምነውም በኦርኮቹ በኩል ነው። ጦርነቱ እንዴት እንደተጀመረ የነገሩን እነርሱ ናቸው። ያንኑ ድሬኖር በእሳት ያጋየውን የኦርኮች ሠራዊት ያየች ሴት ለምን እንደተለወጠች ከራሷ አንደበት አልሰማንም። ማስገደዷን አልክድም። ፍርዱን ግን ሁለቱን ወገን ሳልሰማ አልሰጥም።

የካህን ገጸ ባሕርይ ተጫዋች፦
ይህን ያህል ካመንክ ተቃርበናል። አሁን ወደ ሰንዌል ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2023 የጨዋታው ሠሪ ብሊዛርድ ሦስት ተከታታይ ክፍሎችን ሲያስተዋውቅ ሁለተኛው ጥላው ወደ ሰንዌል የሚመጣበት እንደሆነ ተናግሯል። የእኔ ግምት ይህ ነው። ያ ምንጭ የበራው ወደ ጥላው ወድቆ በነበረ ናሩ ብልጭታ ነው። ስለዚህ ምንጩ ሁለቱንም ያውቃል፤ ሲወጋ የሚገለጠውም ብርሃንና ጥላ ጠላት ሳይሆኑ የአንድ ነገር ሁለት ፊት መሆናቸው ነው። በጨዋታው የሃሎውፎል ምድር ሰማይ ላይ የተሰቀለው ግዙፍ ክሪስታል ቤለዳር አንዴ ብርሃን አንዴ ጥላ እየሆነ ሲለዋወጥ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

ፓላዲን ተጫዋች፦
እኔ ከዚያው ብልጭታ ሌላ ነገር ነው የማየው። ሙሩ ሙሉ በሙሉ ጨልሞ፣ ስሙም ተለውጦ፣ እኛም ገድለነው፣ ቬለን ያነሣት ብልጭታ ብርሃን ነበረች። ሁለት ፊት ያለው አንድ ነገር ከሆነ፣ ከሬሳው ውስጥ የጥላ ፍሬ ለምን አልተገኘም?

የካህን ገጸ ባሕርይ ተጫዋች፦
ምክንያቱም የፈለገው ቬለን ነው። የጥላው መልእክተኛ ዛላታት ብትፈልግ ኖሮ ምን ታገኝ እንደነበር አስበህ ታውቃለህ?