ቴንሰርፍሎው ጂፒዩዬን አላይም አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተይዣለሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (ጂፒዩ) አለው፣ ፓይተኑ 3.12 ነው። የማሽን ለርኒንግ ሞዴል ማሠልጠኛውን ቴንሰርፍሎውን በፒፕ (በፓይተን ጥቅል መጫኛው) ስጭነው ያለ ችግር ይገባል። ግን ያሉትን ጂፒዩዎች ዘርዝር ስለው ባዶ ቅንፍ ይመልስልኛል። ባዶ! የሞዴሌ ሥልጠና በሲፒዩ (በዋናው ፕሮሰሰር) ይንፏቀቃል፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል።

ሳነብ እንደገባኝ፣ ከቴንሰርፍሎው 2.11 ጀምሮ በቀጥታ ዊንዶውስ ላይ ጂፒዩ አይሠራም። የመጨረሻው 2.10 ነው። እሱን ልጫን ስል ደግሞ የሚስማማ ስሪት የለም አለኝ። ለካ 2.10 ከፓይተን 3.10 አያልፍም! ኩዳ 11.2ንም (ኤንቪዲያ ጂፒዩን ለስሌት የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ይፈልጋል። ጓደኛዬ ኡቡንቱው (ሊኑክሱ) ላይ አንድ መስመር ጽፎ ጨረሰ። ቀናሁበት፣ አልዋሽም።

አሁን ምን ላድርግ? ፓይተን 3.10ን ለብቻው አስገብቼ 2.10ን ልጫን? ወይስ በደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን በሚያሠራው) ኡቡንቱ ላስገባ? ወደ ሁለተኛው አዘንብያለሁ። ግን ኢንተርኔቴ የሞባይል ዳታ ነው፣ ብዙ ጊጋ ደጋግሜ ማውረድ አልችልም። ደግሞስ የኤንቪዲያ ድራይቨሩ ኡቡንቱው ውስጥም ይጫናል ወይስ የዊንዶውሱ ይበቃል? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በናታችሁ ንገሩኝ።