የአጎቴ እጅ ከአንጓው ላይ ወደቀ፤ የተጎዳው የትኛው ነርቭ ነው?

ጠያቂ (ጎንደር)፦
ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ደብተራ ናቸው። የጥምቀትን ሌሊት በባሕረ ጥምቀቱ ሲያገለግሉ አድረው፣ ንጋት ላይ ቀኝ ብብታቸውን በመቋሚያቸው ራስ ላይ እንዳስደገፉ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ሲነቁ ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ጣቶቻቸውን መዘርጋት አቃታቸው፤ ጽናጽሉንም አጥብቀው መያዝ አልቻሉም። ቤተሰቡ ምች ነው ይላል።

የሕክምና ተማሪ፦
ፊታቸው ከተጣመመ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረ ነገሩ የአንጎል ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ያ ከሌለ የምጠረጥረው ራዲያል ነርቭን ነው። ከአንገት የሚወጡት የነርቭ ሥሮች ብብት አካባቢ እንደ ድርና ማግ ተጠላልፈው ወደ እጅ የሚወርዱትን ዋና ነርቮች ይሠራሉ። ሚዲያን በክንድ ፊት ለፊት ወርዶ፣ በአንጓው ጠባብ መተላለፊያ ከ9 ጅማቶች ጋር ተጋፍቶ ያልፋል። አልናር ከክርን ውስጠኛ ጉብታ ጀርባ ይሾልካል፤ ክርናችን ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን እሱ ነው። ራዲያል ግን ከላይኛው ክንድ አጥንት ጀርባ ተጠምዝዞ ይወርድና አንጓንና ጣቶችን የሚዘረጉትን ጡንቻዎች ያዝዛል።

ፊዚዮቴራፒስት፦
በዚህ እስማማለሁ፤ የጉዳቱን ቦታ ለመለየት ግን ያልደከመውን ጡንቻ መፈለግ ይበጃል። ክርንን የሚዘረጋው ትራይሴፕስ ከራዲያል የሚደርሱትን ቅርንጫፎች በአብዛኛው የሚቀበለው ነርቩ አጥንቱን ከመጠምዘዙ በፊት ነው። ስለዚህ እጅዎን በክንዳቸው ላይ ተጭነው ክርናቸውን እንዲዘረጉ ይጠይቋቸው፤ ኃይሉ እንደ ግራው ከሆነ ነርቩ የተጫነው ክንዱ መሃል ላይ ነው፤ ከደከመ ደግሞ ብብት ላይ መሆኑ ያመዝናል። ጽናጽሉን ማጥበቅ ያቃታቸውም ጨባጮቹ ጡንቻዎች ተጎድተው ላይሆን ይችላል፤ እነዚያን የሚያዝዙት ሚዲያንና አልናር ናቸውና። አንጓው ሲወድቅ ግን ጨባጮቹ ጅማቶች ይላላሉ። አንጓቸውን በእጅዎ ቀና አድርገው ደግፈው ጣትዎን ያስጨብጧቸው።

ጠያቂ፦
ሞከርነው። አንጓቸውን ስደግፈው ጣቴን እስኪያመኝ ጨበጡኝ። ክርናቸውን ሲዘረጉ ግን በትንሹ ገፋ ሳደርገው ይታጠፋል፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለው የእጅ ጀርባም ደንዝዟል።

ፊዚዮቴራፒስት፦
እንግዲያው ብብት ላይ ነው። በግፊት ብቻ የተጎዳ ነርቭ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያገግማል፤ ቢሆንም ሐኪም ይያቸው፤ እስከዚያ አንጓቸውን ቀና የሚያደርግ ድጋፍ ይታሰርላቸው፤ መቋሚያውንም በብብታቸው አይደገፉበት።