ከአራስ እስከ አዛውንት የሚያይ ነርስ የት ነው የሚሠለጥነው?

የጣና ዳር ነርስ
ሰላም ለቤቱ። ጤና ጣቢያችን ከባሕር ዳር በጀልባ ነው የሚደረሰው። ዲግሪ ነርስ ነኝ፣ 5 ዓመት ሠርቻለሁ። ትናንት ጠዋት ብቻ ጡት አልይዝ ያለ የ9 ቀን አራስ፣ ቢልሃርዚያ የያዘው የዓሣ አስጋሪ ልጅ፣ ግፊቷ ከፍ ያለ የ7 ወር ነፍሰ ጡር፣ ከዚያ ደግሞ የስኳር መድኃኒታቸውን የተዉ እማማ አየሁ። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ፋሚሊ ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን እየተማረች ነው። ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ትመረምራለች፣ መድኃኒት ታዛለች። እኔ እዚህ ማስተርስ ልቀጥል ስል ግን ሕፃናት፣ ድንገተኛ፣ እናቶች እየተባለ ሰው በክፍል በክፍል ተከፋፍሏል። ሁሉን የሚያይ ሰው እንዴት ነው የሚሠለጥነው? ኤች ኦ (ጤና መኮንን) ልግባ?

መምህር፣ ባሕር ዳር
ሲስተር፣ ነርሶችን አስተምራለሁ፤ ጥያቄሽ የኔም ነው። ያ የአክስትሽ ልጅ ሙያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም፣ ሐኪም የማይደርስላቸውን ልጆች ለማየት ጀመሩት፤ ቤተሰቡን ሙሉ ማየቱ ኋላ መጣ። ዛሬ ተማሪዋ ልምድ ያለው ሰው እየተከታተላት ቢያንስ 750 ሰዓት ታካሚ ታያለች። እኔን የሚያሳስበኝ የት እንደምናሠለጥን ነው። ተማሪዎቻችንን ዋርድ ለዋርድ እናዞራለን። ዋርድ የተኛ ሰው በሽታው ስም ወጥቶለት ነው የሚጠብቃቸው። አንቺ ጋ የሚመጣው ግን "ደከመኝ" ብቻ ይልሻል። ደም ማነስ ይሁን፣ ስኳር፣ ቲቢ፣ እርግዝና ወይስ ኀዘን፣ ገና አልታወቀም። ይህ የሚለመደው ጤና ጣቢያ ቁጭ ብሎ ነው።

ጡረተኛ ጤና መኮንን
ልጄ፣ ኤች ኦ ካማረሽ ግቢ። ግን ጥያቄሽ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም ሲጀምር ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) እንደ ቡድን ነበር የሚሠለጥኑት። አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉን ሊያይ የሚሠለጥን ሰው መጀመሪያ መቼ እንደሚልክ ይማር። ያቺ ነፍሰ ጡር ራሴን ፈለጠኝ፣ ዓይኔ ብዥ አለ ካለች መንቀጥቀጥ የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰልፌት ሰጥቶ ወዲያው መላክ ነው። ጣናን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ታውቂዋለሽ። ሪፈሩ በጠዋት ካልተጻፈ ማን ጀልባ ያወጣልሻል?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ
እናንተ ካርድ የምታወጡት በሰው ነው። እኛ ጤና ኬላ ፋሚሊ ፎልደር አለን፤ ባንድ ቤት ያለ ሁሉ ባንድ ማኅደር። የልጁ ክትባት፣ የእናቲቱ እርግዝና፣ የሽንት ቤቱ ነገር ሳይቀር እዚያው ነው። የዓሣ አስጋሪው ልጅ የቢልሃርዚያ መድኃኒቱን፣ ፕራዚኳንቴሉን፣ ውጦ ነገ ተመልሶ እዚያው ውሃ ይገባል። ወንድሞቹንስ ማን አያቸው? ለሠልጣኟ አሥር ቤት ተሰጥቷት ዓመቱን ሙሉ ብትከታተል፣ አራሱ ሲራመድ፣ አያትየው ሲደክሙ እያየች፣ ከየትኛውም ዋርድ በላይ ትማርበታለች።

የጣና ዳር ነርስ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነፍሰ ጡሯን ትናንትናውኑ በጠዋቱ ጀልባ ልከናታል። ስለ ማኅደሩ ሳነብ ግን ደነገጥኩ። እማማ መድኃኒቱን በጾሙ ምክንያት እንደተዉ የነገረችኝ ምራታቸው ናት፣ እሳቸው አልተናገሩም። ምራታቸው ያቺው ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት ካርድ አውጥቼ ለየብቻ ነው ያየኋቸው። አሁን እማማን ማን እያበላቸው እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ነገ ከኤክስቴንሽኗ ጋር ቤታቸው እንሄዳለን። መምህር፣ የማየውን ኬዝ ስም ሳልጠቅስ ማታ ማታ በቴሌግራም ብልክልዎ ያዩልኛል?