4/4 ሲመራ የመጀመሪያው ምት ለምን ይበታተናል?

ጥያቄ፦ የኦርኬስትራ አመራር ተማሪዎች 4/4 (በአራት በአራት ምት የሚቆጠር ሙዚቃ) ሲመሩ ተጫዋቾቹ አብረው አይጀምሩም። ልምምዱ ከምን ይጀመር?

መልስ 1፦ ከዝግጅት ምቱ። እጅ ከመጀመሪያው ድምፅ አንድ ምት ቀድሞ፣ በዚያው ፍጥነት ይነሳል፤ መሪውም አብሮ ትንፋሽ ይስባል። የዝግጅቱ ፍጥነት ከተከታዩ ምት ከተለየ መበታተኑ እዚያው ይጀምራል። የቀኝ እጅ ቅርጽ በየምቱ፦ 1 ወደ ታች፣ 2 ወደ ግራ፣ 3 ወደ ቀኝ፣ 4 ወደ ላይ።

መልስ 2፦ ቅርጹ ትክክል ሆኖም ይደበዝዛል። ከ1 በኋላ እጅ ከፍ ብሎ ከነጠረ 4 ይመስላል! ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጋችሁ በመስታወት ፊት ተለማመዱ። ባቶኑንም (የመሪውን ዘንግ) አትጨምድዱት፣ የእጅ አንጓ ይደርቃል።

መልስ 3፦ ግራ እጅ ቀኙን አይድገም። ቀኙ ሲመታ ግራው በ8 ምት ቀስ ብሎ ይነሳ፣ በ8 ይውረድ፤ ድምፅ ማሳደግና ማሳነስ የሚታየው በእሱ ነው። ቀኙ ቅርጹን ከሳተ ፍጥነት ቀንሱ።