ለዘጌ የሕዝብ የመረጃ መረብ መጀመር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልነሳ?

የኡራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ዘጌ ነው። አሁን ባሕር ዳር ኮምፒውተር እጠግናለሁ።

ዘጌ ላይ ቀላል ነገር ማወቅ ያደክማል። ነገ ጀልባ አለ ወይ? የሕፃናት ክትባት መቼ ነው? ቡና ገበያው ላይ ስንት ገባ? መልሱን የሚያውቅ ሰው አለ፤ ችግሩ እሱን የሚያገኘው ዘመድ ያለው ብቻ ነው። በቅርቡ እናቴ ለሕክምና ክትትል ወደ ከተማ ልትመጣ ሌሊት ተነስታ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ቁጭ አለች። ጀልባዋ ለጥገና ቆማ ኖሯል። ይህን ያወቁ ጎረቤቶች ነበሩ፤ የሚነግሩበት መንገድ ግን የለም። በእግሯ ተመለሰች፣ ቀጠሮዋም አለፈ።

ድረ ገጽ ልሥራ ብዬ አስቤ ነበር። ጓደኞቼ «ቴሌግራም ይበቃል» ይላሉ። ተራ ስልክ የያዙትስ? የሠራችሁበት ካላችሁ ምከሩኝ።

እትዬ ከሽምብጥ፦
ልጄ፣ የእናትህን ነገር ሳነብ አዘንሁ። ብዙ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሰው ጠይቆ ሳይመለስለት ሲሄድ ማየት ያንገበግበኛል።

ድረ ገጹን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ መልስ ሰጪዎችህን ፈልግ። ለጀልባው አንድ፣ ለጤናው አንድ፣ ለቡናው አንድ። እሺ ካላሉህ ቻናሉም ባዶ ቤት ነው።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። በፈረንጆች 1984 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ቶም ግራንድነር የሚባል የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ሰው በአንድ አፕል ኮምፒውተርና በአንዲት የስልክ መስመር ጀመረ። ሰው የጤና ጥያቄ ይጽፋል፤ ሐኪም በ24 ሰዓት ውስጥ ይመልሳል። ሌላ ምንም የለውም። ሕዝቡ ግን ጎረፈበት። በ1986 ያው ነገር አድጎ ክሊቭላንድ ፍሪ-ኔት ሆነ፤ ለማንም ሰው በነፃ። ጠበቃም፣ መኪና ጠጋኝም በየሙያው ይመልስበት ነበር። ከዚያ ሌሎች ከተሞችም የየራሳቸውን እንዲያቋቁሙ የሚረዳ ድርጅት በ1989 ተመሠረተ። ኢንተርኔት በየቤቱ ባልገባበት ጊዜ ነው ይህ ሁሉ። መሣሪያው ከዛሬው ስልክህ ያነሰ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ቃሉን ጠብቆ ይመልስ ነበር።

እኔ ብሆን እያንዳንዱን መልእክት እንዲህ አወጣዋለሁ፦

«ማክሰኞ ጀልባ የለም። የተናገረው፦ የጀልባው ረዳት። የተነገረው፦ ሰኞ ማታ 1 ሰዓት። ይህ መልእክት ረቡዕ ጠዋት ይሰረዛል።»

ማን እንደተናገረው፣ መቼ እንደተናገረው፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ። በተለይ የመጨረሻውን እንዳትረሳ። ያረጀ መረጃ ሰውን ሌሊት ያስነሳል።

ያንኑ ጽሑፍ መሳፈሪያው ላይ በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ጻፉት። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት ዳታ ሲቋረጥ ቴሌግራም ላይ ብቻ የነበረ ነገር ሁሉ ለወራት ዝም አለ። ሰሌዳ ዳታ አይጠይቅም።

ነርሷ፦
እትዬ ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የጤናው ክፍል የክትባት ቀን፣ የሥራ ሰዓት፣ የትኛው አገልግሎት የት እንዳለ ይናገር። ከዚያ አይለፍ። ግሩፕ ላይ «ይህን ኪኒን ውሰጂ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አድሚኑ ወዲያው ያጥፋው። የታማሚ ስም ደግሞ በጭራሽ አይውጣ። በትንሽ መንደር የሕመም ዓይነት ብቻውን ሰውን ያስለያል። የመልስ ሰጪዎቹንም ስልክ ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ።

የፎገራው፦
እኛ ጋ ያለውን ላካፍልህ። እንቦጭ የሚባለው አረም ጣና ላይ መኖሩ በፈረንጆች 2011 ከታወቀ ወዲህ በዚህ በምሥራቁ ዳርቻ ዓሣ አጥማጁ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ንፋሱ ወዴት ገፋው? ትናንት ክፍት የነበረው ዛሬ ተዘግቶ ይገኛል። መረብም ይዞ ይቀራል። እኛ በድምፅ ነው የምንለዋወጠው። ቀድሞ የወጣው ስልኩን አፉ ጋ ያስጠጋና «በዚህ በኩል አትምጡ» ይላል፤ ያልተማረውም ይሰማል፣ ይመልሳል። ጽሑፍ ቢሆን ግማሾቻችን አንገባበትም ነበር።

ለተራ ስልክ ደግሞ 8028ን ተመልከት። ገበሬ ደውሎ የእርሻ ምክር በአማርኛ የሚያዳምጥበት ነው። ያንን የሚያህል ባትሠራም፣ ማታ ማታ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው መድብ።

የኡራ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ እንዳሉት ሰዎቹን አስቀድማለሁ። የጀልባው ረዳት አብሮ አደጌ ስለሆነ እሺ ይለኛል። ለሰሌዳው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን አነጋግራለሁ፤ እነሱ ካሉበት ማንም አያነሳውም። ማታ ስልክ የምታነሳ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አስቤያለሁ፤ ካርዷን እኔ እሞላላታለሁ።

የከበደኝ የቡናው ዋጋ ነው። ነጋዴውን ብጠይቅ ዝቅ አድርጎ ይነግረኛል። ገበሬው ደግሞ ያንን ሰምቶ ይሸጣል።

እትዬ ከሽምብጥ፦
ነጋዴው የሚለውን አትጻፍ። በዚያው ቀን ሸጦ የተመለሰ ገበሬ ስንት እንደያዘ ጠይቅ፤ ከተቻለ ሁለት ሦስት ሰው። በኪሎ ከስንት እስከ ስንት እንደሸጡ ጻፍ፣ እሸት ይሁን ደረቅ ለይ። ስማቸው እንዲወጣ ካልፈለጉ «ሦስት ሻጮች» ይበቃል። ሰሌዳው ሲሰቀል አሳውቀኝ፤ ጠመኔውን እኔ እልካለሁ።